ግራ ዳሌዋና እኔ

ሰው የሚቆመው በወገቡ ይመስለኝ ነበር። ዳሌ የሚባለውን ነገር ቀበቶ የሚያርፍበት ቦታ እንጂ ሥራ ያለው አካል ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ ቴፒ ላይ የቡና ጆንያ ስሸከም ኖሬ ዳሌ እንዳለኝ አላወቅኩም ማለት ነው።

ይህንን የምጽፈው ሊቅ ስለሆንኩ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት፣ ለሕፃን በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቴን አጥፌ ነው። ዛሬም ረጅም ቃል ሲያጋጥመኝ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። የምጽፈው በሚስቴ እግር ላይ የሠራሁትን ጥፋት ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብዬ ነው። ደግሞም እሷ፣ «ጻፈው። አንተ ስትናገር ሰው ይቀየምሃል፤ ስትጽፍ ትሻላለህ» ስላለችኝ ነው።

የወደቀችው ቡናው ቀልቶ፣ ዝናቡ ግን ገና አልለቅ ባለበት ወቅት ነው። ከአማን ከተማ ወጣ ብሎ ቁልቁለት ላይ አንዲት የቡና ማሳ አለችን። አለችን ስል የሷ ናት፣ ከአባቷ ያገኘችው። እኔ እታች ነበርኩ። እሷ ቅርጫቷን አንግታ እየለቀመች ስትወርድ ጭቃው ከዳትና በግራ ጎኗ ድንጋይ ላይ አረፈች። አልጮኸችም። «ቡናው ተደፋ» ነው ያለችው። እኔም ደንቆሮ ነኝና መጀመሪያ ያየሁት ቡናውን ነው። ቀና ስል ፊቷ አመድ መስሏል።

ሆስፒታል ወሰድናት። የዳሌዋ አጥንት ተሰንጥቋል፣ ስፍራውን ግን አልለቀቀም አሉን። ሁለት ወር ተኛች። ያን ጊዜ ምግቧን እኔ ነበርኩ የማበስለው። ምን እንደሚመስል አልናገርም፤ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አልመለሰችብኝም። በኋላ ራጅ ተነሥታ አጥንቱ ገጥሟል ተባለ። ከእንግዲህ ቀስ እያለች ትራመድ፣ ለጊዜው ምርኩዝ ትያዝ፣ የጎደለው ጡንቻው ነው አሉ። የምርኩዙንም አያያዝ አሳይተዋታል። እኔ ያኔ ባጃጅ ልፈልግ ብዬ ውጭ ነበርኩ። እሷ ያየችውን እኔ አላየሁም፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ቤት ስንገባ ምርኩዙን በቀኝ እጇ ይዛ አየኋት። የታመመው ግራዋ ነው።

«ምን ዓይነት ጅልነት ነው?» አልኳት። «የታመመው ወዲህ፣ ድጋፉ ወዲያ?»

«እንዲህ ነው ያሉኝ።»

«ተምታቶብሽ ነው።»

«አልተምታታብኝም፤ የሆስፒታሏ ልጅ ራሷ ይዛ አሳየችኝ።»

«እኔ ልንገርሽ!» ብዬ ምርኩዙን ከቀኝ እጇ ነጥቄ በግራዋ አስጨበጥኳት።

ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። ጫኝ አውራጅ የሆነ ሰው ዓለምን የሚያያት እንደ ጆንያ ክምር ነው። መጋዘን ውስጥ ክምር ሲያዘነብል ድጋፉን የምታስገባው ባዘነበለበት በኩል ነው። ይህንን የማያውቅ ጀማሪ ክምሩ ራሱ ላይ ይወርድበታል። ሚስቴም ስትራመድ መላ ሰውነቷ ወደ ግራ ይወድቅ ነበር። ታዲያ ድጋፉ በግራ ካልሆነ በየት ሊሆን ነው? እንዲያ ነው ያሰብኩት። ማሰብ ከተባለ።

በዚህ አላበቃሁም። እኛ ተሸካሚዎች ወገባችንን በረጅም የአቡጀዲ ጨርቅ ጠፍረን ነበር የምንሠራው። አንዱ ጎኑን ሲያመው ጓደኞቹ ጨርቁን ጉልበታቸውን በጎኑ አስደግፈው ጠበቅ አድርገው ያስሩለትና «በል ተነሥ» ይሉታል። ይነሣል። ይሸከማል። በኋላ ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔም ሚስቴን በዚያው ዓይነት ጨርቅ ከወገቧ እስከ ታፋዋ ጠፍሬ አሰርኳት። ጠዋት ጠዋት እያሰርኩ ማታ እፈታላት ነበር። በስተግራዋም ሆኜ ብብቷን ይዤ አራምዳት ነበር። ፍቅር የሚባለው ይኼ መሰለኝ። አምስት ወር ሙሉ።

በአምስት ወር ውስጥ ሕመሙ ቀነሰ፣ ማንከሷ ግን ባሰ። በግራ እግሯ ስትረግጥ ቀኝ ጎኗ እንደተቆረጠ ቅርንጫፍ ወደ ታች ይል ነበር፤ እሷም ላለመውደቅ ትከሻዋን ወደ ግራ ትወረውራለች። እንደ ጀልባ።

እሷ ስለ መራመድ አላማረረችም። ያቃጠላት ሌላ ነው። ሚስቴ በቤተ ክርስቲያኗ የእናቶች መዘምራን ውስጥ ናት፤ መዘመር የጀመረችው እኔን ሳታገባ ነው። የጴንጤዎቹን መዘምራን ያየ ያውቀዋል፤ ቆመው ብቻ አይዘምሩም፣ ይሸበሽባሉ። በአንድ ጊዜ ሁሉም ወደ ግራ፣ ሁሉም ወደ ቀኝ፣ እንደ ነፋስ እንደያዘው የበቆሎ ማሳ። አንዷ ከሳተች ሁሉም ይታያል። እሷ ደግሞ ግራ እግሯ ላይ መቆም አቅቷታል።

አንድ ቀን የመዘምራኑ መሪ፣ በዕድሜ ከእሷ ከፍ ያለች ሴት፣ ሜትር ይዛ መጣች። አዲስ የመዘምራን ልብስ ሊሰፋ ነው። እኔ በጓሮ በኩል እንጨት እፈልጥ ነበር፤ ንግግራቸው ይሰማኛል።

«ነይ ቁሚ፣ ልለካሽ።»

«ለእኔ አትለኩ።»

«ምን ማለትሽ ነው እህቴ?»

«ጨርቁ እንዳይባክን ብዬ ነው። ለእኔ አትለኩ።»

መሪዋ ትንሽ ጸለየችላትና ሄደች። መጥረቢያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሚስቴን ሃያ ሁለት ዓመት ሳውቃት ለራሷ አንድ ነገር ጠይቃ አታውቅም። የራሷ የሆነው ያ አንድ ሰልፍ ነበር፣ ከፊት ረድፍ ከዳር ሦስተኛ። እሱንም ለቀቀችው። እኔ የማላምን ሰው ነኝ፤ ከእግዚአብሔር ጋር ብዙ የቆየ ቂም አለኝ። ያን ቀን ግን ያቺን ቦታ መልሼ ላገኝላት ፈለግሁ። እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ጨርቁን ይበልጥ አጠበቅኩት።

በዚያን ጊዜ ሸክሙን ትቼ ሚዛን ከተማ አንድ ጂም ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ብረት ቦታው መመለስ፣ ወለሉን መወልወል፣ መስታወቱን መጥረግ። ግማሹ ብረት እውነተኛ ብረት ነው፣ ግማሹ በወተት ቆርቆሮ ውስጥ የፈሰሰ ሲሚንቶ። ጎረምሶቹ ክብደት ሲያነሡ አነሣሣቸው ያናድደኝ ስለነበር እጮህባቸው ነበር፤ «ጀርባህን አቅና! በእግርህ ተነሥ!» እያልኩ። ባለቤቱ ይህንን አይቶ አሰልጣኝ አለኝ። እንዲህ ሆኜ ነው አሰልጣኝ የሆንኩት፣ በመሳደብ።

ከዚያ አንዲት ስፖርት ያጠናች ልጅ መጣች። ልጅ የምላት እኔ ስላረጀሁ እንጂ አስተማሪ ናት። ከጅማ በኩል ናት፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ታስራለች፣ ድምጿ ቀጭን ነው፤ ስታዝዝ ግን የመጋዘን አለቃ አይስተካከላትም። በከተማው ያሉትን አሰልጣኞች ሰብስባ ለሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ስለ ዳሌ ልታስተምር ነው ተባለ። ሦስት ቀን ስለ ዳሌ! ሳቅሁ። ባለቤቱ «ግባ» ስላለኝ ገባሁ።

ግድግዳው ላይ ቆዳው የተገፈፈ ሰው ሥዕል ለጠፈች።

«ዳሌ አራት ወገን አለው» አለች። «ከፊት ጭንን ወደ ላይ የሚያነሣ፣ ከኋላ ወደኋላ የሚገፋ፣ ከውስጥ ጭንን ከጭን የሚያገናኝ፣ ከውጭ በጎን በኩል ደግሞ ጭንን ወደ ውጭ የሚከፍት። ጋሼ፣ እርስዎ ሲሸከሙ የትኛው ነበር የሚሠራው?»

«ሁሉም» አልኳት። «ያረፈ አልነበረም። የሚያርፈው አለቃው ብቻ ነበር።»

ጎረምሶቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ አልተቆጣችም። ከሆድ ዕቃ ጀርባ ከአከርካሪው ተነሥቶ ጭን ላይ የሚያርፈውን ረጅም ጡንቻ በእንጨት አመለከተች። ጭንን ወደ ፊት የሚያነሣው ዋናው እሱ ነው አለች።

«እሱማ ጭቅና ነው» አልኳት።

«ምን አሉ?»

«ጭቅና። በሬ ሲታረድ ከሽንጡ ሥር የሚወጣው ለስላሳ ሥጋ። በሬው ላይ ያለው እኛም ላይ አለ ማለት ነው?»

ሥዕሉን አየች፣ እኔን አየች። «ልክ ነዎት» አለች። «ያው እሱ ነው። በሬው ብዙ ስለማያሠራው ነው የለሰለሰው።» በሕይወቴ አስተማሪ ልክ ነዎት ያለችኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጆሮዬን ሰጠኋት፤ ጎረምሶቹም ከዚያ ወዲያ ጡንቻውን በሌላ ስም አልጠሩትም።

በሁለተኛው ቀን መስታወቱ ፊት አቆመችኝ።

«በግራ እግርዎ ብቻ ይቁሙ። እጅዎን እዚህ፣ የሱሪ ኪስ በሚገባበት ከፍ ብሎ። ምን ተሰማዎ?»

«ደነደነ።»

«ያ የጎን ጡንቻ ነው። ከዳሌ አጥንት ክንፍ ተነሥቶ የጭን አጥንት ጫፍ ላይ ይያዛል። መሮጥም መዝለልም ከሱ በኋላ ነው የሚመጣው። ዋና ሥራው በአንድ እግር ስንቆም ዳሌ ደልደል ብሎ እንዲቆይ መያዝ ነው። ሰው ደግሞ ሲራመድ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ እግሩ ነው የሚቆመው። አሁን የግራው ቢለግም ዳሌዎ ወደየት ይወድቃል?»

ወደ ግራ ልል አፌን ከፈትኩ። መስታወቱ ውስጥ ራሴን አየሁ። የተንጠለጠለው ቀኜ ነው።

«ወደ ቀኝ» አልኳት።

«አዎ። የለቅሶ ድንኳን ተክለው ያውቃሉ? ምሰሶው ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ገመዱን ከየት ይጎትቱታል?»

«ከግራ።»

«የግራው ጡንቻ ያ ገመድ ነው። ገመዱ ከላላ ሰውዬው ላለመውደቅ ደረቱን ወደ ላላው ጎን ይጥላል። የሚያየው ሰው ታዲያ ወደ ግራ የወደቀ ይመስለዋል። ወድቆ አይደለም፤ ራሱን እያዳነ ነው።»

ጎረምሶቹ ይጽፋሉ። እኔ እጄ ከዳሌዬ ላይ አልተነሣም። ሚስቴ በዓይኔ መጣች፤ ትከሻዋን ወደ ግራ እየወረወረች፣ እኔ ደግሞ ከግራ በኩል ብብቷን ይዤ።

ሰዉ ሲበተን ቀረሁ።

«አንድ ሰው አለ» አልኳት። «ግራ ዳሌው ተሰንጥቆ የዳነ። ምርኩዝ ይይዛል።»

«በየትኛው እጁ?»

«በግራው።»

«በታመመው በኩል? ሆስፒታል ያሉት እንዲያ አይሉም።»

«እነሱ አላሉም።»

«ታዲያ ማን ነው ያለው?»

«አንድ ደደብ።»

ከዚያ ምርኩዙ በተቃራኒው እጅ የሚያዘው ለምን እንደሆነ በመጥረጊያ እንጨት አሳየችኝ። ሰውዬው በግራው ሲረግጥ ሊወድቅ የሚፈልገው ቀኝ ጎኑ ስለሆነ በቀኝ እጅ የተያዘው እንጨት ከሥር ይገፋዋል፤ የግራው ጡንቻ ሸክም ይቀልለታል። የጨርቁንም ነገርኳት። «ለጥቂት ሰዓት የታሰረ ሰው ሥራውን ይጨርስ ይሆናል» አለች። «አምስት ወር የታሰረ ጡንቻ ግን ሥራውን ይረሳል። ጨርቁ ነው ሲሠራለት የቆየው።» አጥንቱ መግጠሙን ያዩት ሰዎች ሰውዬው እንዲለማመድ ፈቅደው እንደሆነ ጠየቀችኝ። እዚያው ሆስፒታል ሄጄ እንድጠይቅም አደረገችኝ። ፈቅደው ነበር፤ ገና ያኔ። ስመለስ ለአሰልጣኞች በአማርኛ ጽፋ ያባዛችውን ወረቀት ሰጠችኝና አንድ ነገር አለችኝ፤ «ጋሼ፣ ሚስትዎን አያንሡልኝ። እርስዎ ካነሡት የሚጠነክረው የርስዎ ክንድ ነው።»

ሚስቴ መሆኗን አልነገርኳትም ነበር።

ቤት ስደርስ ዝናብ ይጥላል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። መጀመሪያ ጨርቁን ፈታሁት። ቆዳዋ ላይ የጨርቁ እጥፋት ሰንበር ሠርቶ ነበር። ከዚያ ምርኩዙን ከግራዋ በኩል አነሣሁና በቀኝ እጇ አስጨበጥኳት። ምርኩዙን አየችው፣ ከዚያ እኔን።

«መጀመሪያ በዚህ ነበር የያዝኩት» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ቀየርከው?»

«ስለማላውቅ።»

እንዲህ ብያት አላውቅም ነበር። የማላውቀውን ነገር ሁሉ በጩኸት ነው ሳልፈው የኖርኩት። ይቅርታም ልል ፈልጌ ጨርቁን ማጠፍ ያዝኩ። እሷ ምስሩን ወደ ጎን አደረገችና፣ «ተቀመጥ፤ ጫማህ ጭቃ ነው፣ አውልቀህ ተቀመጥ» አለችኝ። ይቅር ስትል እንዲህ ነው የምትለው።

በማግስቱ ጀመርን። ሰሌን መሬት ላይ አንጥፌ በቀኝ ጎኗ አስተኛኋት። ግራ እግሯን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ታንሣ ይላል ወረቀቱ። እኔ እያነበብኩ ነው።

«የላይኛውን… እግር… ተረ… ተረከዝን…»

«ተረከዝን በማስቀደም» አለች ከሰሌኑ ላይ። መዝሙር ደብተር ስታነብ ያደገች ናት፤ ወረቀቱን ተገልብጦ ከሩቅ ታነበዋለች።

«ዝም በይ፣ አንባቢው እኔ ነኝ።»

«እሺ አንባቢው። እስክትጨርስ እግሬ ይደነዝዛል።»

አነሣች። ሁለት ጣት የሚያህል ከፍ አለና ተንቀጠቀጠ፤ ወደቀ። እጄ ሳላዝዘው ሄዶ ቁርጭምጭሚቷን ያዘ።

«ተው!» አለች። «እንደ ጆንያ አትያዘኝ።»

ለቀቅኩ። መያዝ እንጂ መልቀቅ ማን አስተምሮኝ ያውቃል? ወረቀቱ የሚለው መዳፍህን ጡንቻው ላይ ብቻ አሳርፈህ መሥራቱን ተጠባበቅ ነው። መዳፌን ዳሌዋ ጎን ላይ አሳረፍኩ። ሻካራ መዳፍ ነው። ከሥሩ ምንም አልነበረም፤ እንደ ረጠበ ሊጥ። «አንሺ» አልኩ። ጠበቅሁ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ከሥር የሆነ ነገር ሳብ አለ፤ የተኛ ሰው ስሙ ሲጠራ ዓይኑን እንደሚገልጥ ያለ።

«አለ!» አልኩ። ጮኬ ኖሯል።

«ማን?»

«ገመዱ አለ! አልሞተም።»

በቀን ሁለቴ እንሠራ ነበር፣ ጠዋት ወደ ጂም ሳልሄድና ከሰዓት ስመለስ። በሁለተኛው ሳምንት እግሯ አንድ ክንድ ያህል ሲነሣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ልብ ብዬ ሳይ የእግሯ ጣት ወደ ጣሪያ ዞሯል። ወረቀቱን ገለጥኩ። ጣት ወደ ላይ ከዞረ የሚሠራው የፊተኛው ጡንቻ ነው፣ የጎኑ እንደገና ተኝቷል ይላል።

«እያጭበረበርሽ ነው» አልኳት።

«ምን አጭበረበርኩ? ይኸው ተነሣ!»

«የተነሣው በጭቅናሽ ነው።»

«በምኔ?»

አስረዳኋት። ጣቷን ወደ ግድግዳው፣ ተረከዟን ትንሽ ወደኋላ። እንዲያ ሲሆን እግሯ ወዲያው ወደ ሁለት ጣት ወረደ። ያን ጊዜ አለቀሰች። በወደቀች ጊዜ ያላለቀሰች ሴት። «አልችልም» አለች። «አንድ ክንድ ደርሼ ነበር፤ አንተ መጥተህ አወረድከኝ።» ቀድሞ ቢሆን «አትልፈስፈሺ» እላት ነበር። አጠገቧ መሬቱ ላይ በጎኔ ተኛሁና የኔን እግር አነሣሁ። በዚያ በኩል የኔም ደካማ ነበር፤ ከአሥራ አምስት በኋላ ተንቀጠቀጠ። ሃያ ዓመት የተሸከምኩት ወደ ፊትና ወደኋላ እንጂ ወደ ጎን አልነበረም። የሚንቀጠቀጠውን እግሬን ስታይ ከለቅሶዋ መካከል ሳቋ አመለጣት።

ጀርባዋ ላይ ተኝታ ጉልበቷን አጥፋ መቀመጫዋን ከሰሌኑ ማንሣትም ነበረባት። ወረቀቱ «የመቀመጫ ጡንቻ» ይለዋል። እኔ በስሙ ነበር የምጠራው። «አፍህን!» ትለኝ ነበር፤ «የተማረች ልጅ እንዴት አሳምራ እንደጻፈችው አታይም?» ሲጠነክርላት ደግሞ የባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ ከጉልበቷ ከፍ ብሎ ሁለቱንም ጭኖቿን አሰርኩ። አልጋውን እየያዘች በጎን አራት እርምጃ ወደ ግራ፣ አራት ወደ ቀኝ። ይኼኛው ማሰር ጡንቻውን ያሠራዋል እንጂ አያሳርፈውም።

አንድ ቀን እንዲህ በጎን ስትራመድ ታንጎራጉራለች። ሰማኋት። ከመዝሙሯ አንዱን ነው። ቆም ብላ ክብደቷን ወደ ግራ ጣለች፣ ወደ ቀኝ መለሰች። ሽብሸባው! አየሁት፤ ሽብሸባ ማለት እኮ ከአንዱ ዳሌ ወደ ሌላው ዳሌ ሸክም ማሻገር ነው፤ ልምምዱ ራሱ። ወረቀቱ ላይ የለም። «ቀጥይ» አልኳት። «ብቻዬን አፍራለሁ» አለች። ፊት ለፊቷ ቆምኩ። እሷ ወደ ግራ ስትል እኔ ወደ ቀኜ፣ እጃችን ሳይነካካ፣ ብታዘነብል ልይዛት በምችልበት ርቀት። መዝሙሩን ስለማላውቅ ቁጥር ነበር የምቆጥረው።

በሩ ክፍት ነበር። ጎረቤታችን፣ የሚስቴ የቤተ ክርስቲያን እህት፣ እሳት ልትጭር መጣችና ደጃፉ ላይ ቀጥ አለች።

«እሰይ! እሰይ ጌታዬ!» አለች። «ወንድሜ፣ ጌታን ተቀበሉ እንዴ?»

«አይ» አልኳት። «ጡንቻ ነው።»

ሚስቴ አልጋው ላይ ተቀምጣ እስኪያልባት ሳቀች። ከዚያ በኋላ በሩን እየዘጋን ነበር የምንሸበሽበው፤ ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ አልተወኝም።

ጊዜው ረዘመ። ስንት ወር እንደሆነ አልቆጠርኩም። ማሳው እንደገና አብቦ ነበር፤ እሱ ትዝ ይለኛል። መዳፌን ሳሳርፍ ከሥር የሚገኘው ሊጥ መሆኑ ቀርቶ የገመድ ጉንጉን ሆነ። አንድ ጠዋት መስታወት ስለሌለን ጂም ወሰድኳት፤ ሰው ሳይገባ። በግራ እግሯ ቆመች። ቀኝ ጎኗ ትንሽ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ፣ ቆየ። እስከ አሥር ቆጠርኩ። እሷ መስታወት ውስጥ ዳሌዋን አየች። በዚያው ሳምንት የመዘምራኑ መሪ ቤት በራሷ እግር ሄደች። ምን እንዳለቻት አልነገረችኝም፤ መሪዋ ሜትሯን ይዛ ስትመጣ ነው ያወቅኩት። ያን ቀን በጓሮ አልነበርኩም። በር ላይ ቆሜ ስትለካ አየኋት።

እሷ የምትሰለፍበት እሑድ መጣ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሸኘኋት። ገብቼ አላውቅም፤ ውጭ ቀረሁ። መስኮቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ከሰው ትከሻ በላይ ይታያል። መዘምራኑ መድረክ ላይ ወጡ፤ እሷ በፊት ረድፍ፣ ከዳር ሦስተኛ። ምርኩዝ የለም። መዝሙሩ ተጀመረ፣ የበቆሎው ማሳ ወደ ግራ አለ፣ ወደ ቀኝ አለ። አልሳተችም። የመጀመሪያውን መዝሙር ጨረሱ። በሁለተኛው ከትከሻዋ አወቅኩት፤ እየደከማት ነው። ረጅም መዝሙር ነው፤ የማያልቅ፣ አዝማቹን እንደገና የሚያነሡት። ትከሻዋ ወደ ግራ መወርወር ጀመረ። እግሬ ሳላዝዘው በሩ ላይ ደረሰ፤ ሰው ገፍቼ ገብቼ ብብቷን ልይዝ ነው።

አየችኝ። በሩ ላይ ቆሜ። ራሷን አልነቀነቀችም፣ እጇን አላነሣችም። ሽብሸባውን ብቻ አቆመች። ሁሉም ሲወዛወዝ እሷ በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ቆማ መዘመሯን ቀጠለች። አላፈረችም። አንድ አዝማች አሳለፈች፣ ሁለት። ከዚያ በራሷ ጊዜ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ወደ ግራ ብላ እንደገና ሰልፉ ውስጥ ገባች። ዳሌዋ ያዘ።

እጄ ባዶውን ተዘርግቶ ቀርቷል። የቤተ ክርስቲያኑ አስተናጋጅ፣ ወጣት ሴት ናት፣ ቀስ ብላ፣ «አባባ፣ በር ላይ አይቁሙ፤ ይግቡ ወይም ይውጡ» አለችኝ።

ገባሁ። ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ለመጸለይ አይደለም። ከመስኮቱ በኩል ግራ እግሯ ስለማይታየኝ ነው።